ከሚዛን ጅማ፣ በሠላሳ ደቂቃ

ከሚዛን ጅማ ስንት ሰዓት ይፈጃል ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልሴ እንደ ወቅቱ ነው። በበጋ ስድስት ሰዓት ግድም። ዝናብ ሲይዝ ደግሞ እግዜር ነው የሚያውቀው። ይህን የምላችሁ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በዚያ መንገድ የተመላለስኩ ሰው ነኝ። አስራት እባላለሁ፤ የቦንጋ ልጅ ነኝ። በኤንትሬ የጭነት መኪና ረዳትነት ጀመርኩ፣ አይሱዙ ነዳሁ፣ ሚኒባስ ያዝኩ፣ በመጨረሻም እንግዳ የሚያመላልስ የኪራይ ላንድ ክሩዘር ላይ ተቀመጥኩ። መንገዱን ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ። የትኛው ኩርባ ላይ ጭጋግ እንደሚተኛ፣ የትኛው ድልድይ ስር ውሃ ቶሎ እንደሚሞላ፣ የት ቦታ ጥሩ ሽሮ እንዳለ ጠይቁኝ።

አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ፣ እንዳትስቁብኝ። ከፍታ እፈራለሁ። ገደል ጫፍ ላይ መኪና አቁሜ ጎማ እቀይራለሁ፤ መሰላል ላይ ግን አልወጣም። የቤታችን ጣራ ሲያፈስ የምትወጣው ባለቤቴ ዘነበች ናት። እኔ ከታች ሆኜ ሚስማር አቀብላለሁ። ጎረቤት ይህን አይቶ ስንት ዓመት ስቆብናል።

እንግዲህ ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ በጥቅምት መጀመሪያ ነው። ሦስት ፈረንጅ ቡና ገዢዎችና ቢንያም የሚባል የአዲስ አበባ አስተርጓሚያቸው በትንሽ የኪራይ አውሮፕላን ጅማ መጥተው፣ ከዚያ በእኔ መኪና ቦንጋን፣ ዋጫን፣ ከዚያም ሚዛንን አዩ። መመለሻቸው በአየር ነበር። አውሮፕላኗ ሚዛን መጥታ ልትወስዳቸው፣ ጅማ ነዳጅ ልትሞላ፣ ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ልትሄድ። የእኔ ሥራ ሰዎቹን አውሮፕላኑ ድረስ አድርሶ ባዶ መኪና ይዞ ወደ ቦንጋ መመለስ ብቻ ነበር።

በዚያን ቀን ጠዋት ሚዛን ሆቴል ውስጥ ቁርስ እየበላሁ፣ እዚያው ያደረው የሙያ ጓደኛዬ ተስፋዬ ስልኩን እያሳየኝ መጣ።

«ጋሼ፣ አርፈው ይብሉ፤ ዛሬ የሚሄዱበት የለም» አለኝ። «ዋጫን እንዳለፉ ተራራው ሌሊት ተንዶ መንገዱ ላይ ተኝቷል። መኪና በዚህም በዚያም ተሰልፏል።»

«ዶዘርስ?»

«እየመጣ ነው ይላሉ። ቢፈጥን ነገ ነው።»

እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። እንግዶቹን ሸኝቼ ቀኑን ሙሉ ልተኛ አሰብኩ።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት አለፍ ሲል አየር ማረፊያው ደርሰን ሻንጣና የቡና ናሙና የያዙ ጆንያዎች እያወረድኩ ሳለ ስልኬ ጠራ። ጅማ የምታስተምረው የመጀመሪያ ልጄ ማርታ ነች። ነፍሰ ጡር ነበረች፤ መውለጃዋ ግን ገና ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር።

«አባዬ፣ የት ነህ?»

«ሚዛን ነኝ። ምነው?»

በአፍ መፍቻችን በካፊኖኖ ማውራት ጀመረች። ማርታ በካፊኖኖ የምታወራኝ ስትፈራ ብቻ ነው፤ ልጅ ሆናም እንዲሁ ነበረች። ሌሊት ራሷን አሟት፣ ዓይኗ ብዥ ብሎባት ሆስፒታል እንደሄደች፣ ደም ግፊቷ በጣም ከፍ እንዳለ፣ ሐኪሞቹም ዛሬ ጠዋት በኦፕራሲዮን መውለድ አለብሽ እንዳሏት ነገረችኝ። ባሏ ዳንኤል ለሥልጠና ሐዋሳ ሄዷል፤ ሲሰማ ወዲያው ተነስቷል፣ ግን ከማታ በፊት አይደርስም።

«እናትሽስ?»

«ቦንጋ መናኸሪያ ናት። ሚኒባሱ አልሞላም ብለው ይጠብቃሉ።»

«እሺ፣ የሐኪሞቹን ቃል ስሚ፤ ግቢ፣ እናትሽ ትደርሳለች።»

«ብቻዬን አልገባም አባዬ» አለችኝ። «አንዳችሁን ሳላይ አልገባም። ብሞትስ?»

ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፣ የሰው ልጅ ታስተምራለች፤ ድምፅዋ ግን የሰባት ዓመት ልጅ ድምፅ ሆነብኝ። «እመጣለሁ» አልኳት። አፌ እንዴት እንዳለው አላውቅም። ስልኩን ዘግቼ መኪናዬን አየሁ። ከዚያ መንገዱን አሰብኩ። ወደ ዋጫ ዝግ ነው። በቴፒ፣ በማሻ፣ በጎሬ ዞሬ በበደሌ ጅማ ልግባ ብል ነገም አልደርስም። በሕይወቴ መንገድ ያጣሁት ያን ቀን ነው።

አውሮፕላኗ የመጣችው በዚህ መሃል ነበር። ባለ አንድ ሞተር ናት፤ ከአንድ ሚኒባስ ብዙም አትበልጥም። ጆንያዎቹ ተጭነው ቢንያም የቀረውን ሻንጣ ሊያነሳ ሲመጣ ፊቴን አይቶ ቆመ።

«ጋሽ አስራት፣ ምን ሆኑ?»

ነገርኩት። ሰውየው አላንገራገረም፤ ጥሎኝ ወደ አውሮፕላኗ ሮጠ። ከአፍታ በኋላ ነጭ ሸሚዝ የለበሰች፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ የሰበሰበች ወጣት ይዞ መጣ። አስተናጋጅ መስላኝ ነበር። አብራሪዋ ራሷ ናት። ካፒቴን ፍሬሕይወት።

«አባባ፣ ልጅዎ ጅማ ናት?» አለችኝ።

«አዎ ልጄ። በመኪና ስድስት ሰዓት ነው፤ ዛሬ እሱም የለም።»

«በእኛ ሠላሳ ደቂቃ ነው።»

ሠላሳ ደቂቃ! እኔ በሠላሳ ደቂቃ ከሚዛን ከተማ በደንብ አልወጣም።

«ችግሩ» አለች፣ «ወንበር አለኝ፤ ክብደት ግን ሞልቶብኛል። ስንት ኪሎ ነዎት?»

«ሰማንያ ሁለት። ልጄ፣ እኔ የጭነት ሹፌር ነበርኩ፣ ትርፍ ጭነት ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ካልሆነ ተይው።»

ይህን ስል፣ ልንገራችሁ፣ ግማሹ ልቤ «ካልሆነ ተይው» በሚለው ተስማምቶ ነበር። ያችን ነገር ሳያት መሰላሉ ትዝ ብሎኝ ነበርና። ቢንያም ግን ለፈረንጆቹ በፍጥነት አስረዳቸው። ከሦስቱ በዕድሜ የገፉት፣ መንገዱን ሁሉ ስለ ናሙናቸው ሲጨነቁ የነበሩት ሰውዬ፣ ወደ አውሮፕላኗ ሄዱ። አንዱን ጆንያ በሁለት እጃቸው ጎትተው አወጡና ሣሩ ላይ አስቀመጡት። ተመልሰው ሁለተኛውን አወጡ። ከዚያ እጃቸውን እያራገፉ ወደ እኔ ጠቆሙና በአማርኛ «ና፣ ና» አሉኝ። ከእኔ የተማሩት ቃል ነው፤ መኪና ወደ ኋላ ስነዳ ይሉልኝ ነበር።

አሁን የቀረው መኪናው ነው። ለባለመኪናው ደወልኩ።

«መኪናውን ጥለህ?» አለኝ። «አንተ ሰውዬ ጤና አለህ? ነገ መንገድ ሲከፈት ይዘህ ና። የእኔን ንብረት ሜዳ ላይ ጥለህ በአውሮፕላን ትሄዳለህ?»

«ሜዳ ላይ አይደለም፣ ለተስፋዬ ቁልፉን እሰጠዋለሁ። ታውቀዋለህ።»

«ከሄድክ ተመልሰህ ቁልፍ ልቀበል እንዳትለኝ።»

በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ለባለመኪና እምቢ ብዬ አላውቅም። «እሺ፣ አልልህም» አልኩትና ዘጋሁት። ለተስፋዬ ስደውልለት በባጃጅ ሲከንፍ መጣ። ቁልፉን መዳፉ ላይ ሳስቀምጥ «ጋሼ፣ እውነት ሊወጡባት ነው?» አለኝ። የጣራውን ነገር እሱም ያውቃል።

ካፒቴኗ ከኋላዋ ካለው የመጀመሪያ ወንበር ላይ አስቀምጣኝ ቀበቶዬን ራሷ አሰረችልኝ። በአጠገቧ ረዳት አብራሪ አለ። ከፊቴ ያለው ሰዓትና መብራት ብዛቱ! ሞተሩ ሲነሳ ግን ትንሽ ተጽናናሁ፤ የሞተር ድምፅ ቋንቋዬ ነው። ሰማሁት። ጤነኛ ነው።

ስትሮጥ ችዬ ነበር። ስትነሳ ግን ዓይኔን ጨፍኜ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ እያቀላቀልኩ አነበነብኩ። ወዲያው አውሮፕላኗ ወደ ጎን ስታዘነብል ሳላስበው «ቀስ፣ ቀስ! ኩርባ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ከኋላ ቢንያም በሳቅ ፈረሰ። ካፒቴኗ ሳትዞር «እሺ አባባ፣ ማርሽ ቀንሼያለሁ» አለችኝ።

ያን ጊዜ ዓይኔን ገለጥኩ።

ወገኖቼ፣ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ጫካው እንደ ጎመን ማሳ ተነጥፏል። በመካከሉ ቀጭን ነገር ይጠማዘዛል፤ ክር ይመስላል። አውቀዋለሁ እያልኩ ትክ ብዬ ሳየው ለካ የእኔ መንገድ ነው! ዕድሜዬን የበላው መንገድ ያ ነው! ብዙም ሳንቆይ ዋጫን ቢንያም አሳየኝ። ከከተማዋ አለፍ ብሎ ቀይ አፈር እንደ ቁስል ተልጦ፣ በዚህም በዚያም የቆሙት መኪኖች የገብስ ፍሬ ያህል ሆነው ይታያሉ። ከነሱ አንዱ ልሆን እችል ነበር።

«ይህን መንገድ ብዙ ነድተዋል?» አለኝ ቢንያም በጆሮዬ።

«ሠላሳ አንድ ዓመት። ሦስት ልጆች ወልጃለሁ፤ ሦስቱም ሲወለዱ መንገድ ላይ ነበርኩ። መንገዱ አላስደርስ እያለኝ።»

«ሦስቱም ጊዜ?» አለ። ክፉ አስቦ አልነበረም፤ አዝኖልኝ ነው። ጥያቄው ግን እንደ እሾህ ገባብኝ፤ ምክንያቱም ወዲያው ቦንጋ ከስራችን መጣች።

ቦንጋን ከላይ አይቼያት አላውቅም። ኮረብታዎቿ ላይ ቆርቆሮዎቿ ያብረቀርቃሉ። አስፋልቱን ተከትዬ በጣቴ ስቆጥር ሰፈራችንን አገኘሁት፤ ቤቴንም አገኘሁት። ከአስፋልቱ ቤቴ ድረስ ጥፍር የምታህል ርቀት ናት። በእግር አሥር ደቂቃ።

ማርታ ስትወለድ በእውነት ወንዝ ሞልቶ ነው፣ በሦስተኛው ቀን ደረስኩ። ሦስተኛዋ ስትወለድ በእውነት አይሱዙው ተሰብሮ ነው። ሁለተኛው ልጄ ቴዎድሮስ ሲወለድ ግን መንገዱ ክፍት ነበር። ከጅማ ሲሚንቶ ጭኜ ወደ ሚዛን ስሄድ ቦንጋ ላይ ሻይ ልጠጣ ቆምኩ። አንድ የሰፈራችን ሰው «ባለቤትህ ምጥ ይዟታል፣ ሰዎች እቤት ገብተዋል» አለኝ። ሲሚንቶው በዚያው ቀን ከደረሰ ባለመኪናው ሌላ ጥሩ ጭነት ሊሰጠኝ ቃል ገብቶልኝ ነበር። አራግፌ በማግስቱ እመለሳለሁ ብዬ አሰብኩና ነዳሁ። ከመንገዱ አሥር ደቂቃ ላይ የነበረችውን ሴት አልፌ ሄድኩ። በማግስቱ ስመለስ «መንገድ ተዘግቶብኝ» አልኳት። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ራሴም የረሳሁት ይመስለኝ ነበር።

ከቢንያም ፊቴን አዙሬ መስኮቱን ተደገፍኩ። እሱም ፍርሃቱ መስሎት ትከሻዬን ያዘኝ።

ከቦንጋ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ ነጭ ሚኒባሶች ሲሄዱ አየሁ። ከመካከላቸው በአንዷ ዘነበች እንዳለች ልቤ ነገረኝ። ሳላውቀው እጄን በመስኮቱ አወዛወዝኩ። ካፒቴኗ «ሰው አዩ እንዴ?» አለችኝ። «ባለቤቴን ሳልቀድማት አልቀረሁም» አልኳት። ሠላሳ ዓመት ስንኖር እሷን የቀደምኩበት ቦታ የለም።

ጅማ አረፍን። ስወርድ ምድርን በሁለት እግሬ ረገጥ ረገጥ አድርጌ አረጋገጥኳት። ካፒቴኗን ግንባሯን ሳምኳት፤ ሽማግሌውን ፈረንጅ እጃቸውን ጨበጥኩ። አመሰግናለሁ ለማለት ጊዜም ቋንቋም አልነበረኝም። ባጃጅ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ።

«ጋሼ፣ ከየት መጡ?» አለኝ ሾፌሩ።

«ከሚዛን።»

«እንዴ! መንገድ ተዘጋ አልተባለም? መቼ ተነሱ?»

«አሁን። ቅድም።»

በመስተዋቱ አየኝና ፍጥነት ጨመረ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያን ቀን በጣም የፈራሁት አየር ላይ አይደለም፤ በዚያ ባጃጅ ውስጥ ነው።

ማርታ በተንቀሳቃሽ አልጋ ላይ ተቀምጣ ስልኳን በሁለት እጇ ይዛለች። ፊቷና እጇ አብጧል። አንዲት ነርስ አጠገቧ ቆማ ትለምናታለች። በሩ ላይ ስታየኝ አላመነችም።

«አባዬ? ሚዛን ነኝ አላልክም?»

«ነበርኩ።»

«እየዋሸኸኝ ነበር ማለት ነው? ጅማ ነበርክ?»

«በአየር መጣሁ።»

አፏን ከፍታ አየችኝ። ከዚያ ያን ሁሉ ሕመሟን ይዛ ሳቀች። «አንተ? አንተ በአየር?» ሳቋ ወደ ልቅሶ ሲዞር አቀፍኳት። ሐኪሙ መጥቶ «አባት ነዎት? በጣም ጥሩ፤ ከዚህ በላይ መጠበቅ የለብንም» አለ። አልጋው መገፋት ሲጀምር እጄን ይዛ ነበር። እስከ በሩ ድረስ አልለቀቀችኝም። «እዚሁ ነኝ፤ አልንቀሳቀስም» አልኳት።

አልተንቀሳቀስኩም። ሠላሳ አንድ ዓመት ስንቀሳቀስ ኖሬ፣ መጠበቅ ምን እንደሆነ በዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ተማርኩ። ደቂቃው አይገፋም። ማርሽ የለውም፣ ነዳጅ አይጨመርለትም። ሴቶች ይህን ነው ሲያደርጉ የኖሩት ብዬ አሰብኩ። ነርሷ ወጥታ «ጋሼ፣ ሴት ናት፤ እናትየዋም ደህና ናት» ስትለኝ ተነሳሁና መልሼ ተቀመጥኩ። ከዚያ ያችን ትንሽ ነገር በጨርቅ ተጠቅልላ አመጡልኝ። የራሴን ልጆች በዚያ ዕድሜያቸው አላየኋቸውም። እንደዚያ ትንሽ እንደነበሩ አላውቅም ነበር።

ሰባት ሰዓት ሲሆን ዘነበች በአንድ እጇ የአጥሚት ፔርሙዝ፣ በሌላው ፔስታል ይዛ እያለከለከች መጣች። ሚኒባሱ ሲሞላ ቆይቶ ተነስቶ፣ ሸቤ ላይ ደግሞ ጎማ ፈንድቶበት ነበር። እኔን ስታይ ፔስታሉ ከእጇ ወደቀ።

«አንተ በምን መጣህ?»

«በአየር።»

«ቀልድህን ተውና ንገረኝ!»

ልጅቱን እጇ ላይ አስቀመጥኩላት፤ ያኔ ጥያቄውን ተወችው። ማርታ ከነቃች በኋላ፣ ዘነበችም አይታ ከሳመቻት በኋላ፣ ሁለታችን ከውጭ ግድግዳ ጥግ ተቀመጥን። አጥሚቱን ከፔርሙዙ ክዳን እየተቀባበልን ጠጣን። አየር ላይ የወጋኝ እሾህ ግን አልወጣም ነበር።

«ዘኒ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ» አልኳት። «ቴዲ የተወለደ ጊዜ መንገዱ አልተዘጋም ነበር።»

ክዳኑን አስቀመጠች።

«ቦንጋ ነበርኩ። ሻይ ቤቱ ድረስ መጥቼ፣ ምጥ እንደያዘሽ ሰምቼ፣ ጭነቱን ይዤ ሄድኩ።»

«አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«ረዳትህ በሳምንቱ ነግሮኛል። የሻይ ቤቷ ሴትዮም ነግራኛለች። ቦንጋ እኮ ናት።»

«ይህን ሁሉ ዓመት ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

ዞር ብላ አየችኝ። የተቆጣ ፊት አልነበረም። «መቼ ተቀመጥክና ልንገርህ?» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ምን ተለወጠ ትሉኝ ይሆናል። ባለመኪናው ቃሉን አከበረ፤ ቁልፉን ዳግም አልሰጠኝም። መንገዱ ሲከፈት መኪናውን ራሱ ሊያመጣ ሄዶ ሁለት ቀን ጭቃ ውስጥ እንደቆየ ተስፋዬ ነግሮኛል፤ ከዚያ ወዲህ ሹፌር ሲዘገይበት አይጮህም ይባላል። ሁለቱ የቡና ጆንያዎችም በተስፋዬ ሚኒባስ በሰላም ደርሰዋል። እኔ አሁን ሚኒባስ እነዳለሁ፤ ከቦንጋ ዋጫ፣ ከዋጫ ቦንጋ። ገቢው ያነሰ ነው፣ ግን አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ቤቴ እገባለሁ። ከፍታ ግን አሁንም እፈራለሁ፤ ተአምር አትጠብቁ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ እንደኔ እንጀራችሁ መንገድ ላይ የሆነ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። መንገዱ በእውነት የሚዘጋበት ቀን አለ፤ ያን ማንም አይከሳችሁም። እኔ ያጠፋሁት ያልተዘጋውን ተዘጋ ማለቴ ነው። አንዴ ካልኩት በኋላ ለመድኩት፤ ልደትም ቀረ፣ ምርቃትም ቀረ፣ ሁሉንም ለመንገዱ አሸከምኩት። መንገዱ አይናገርም፤ መልስ አይሰጥም። ከላይ ሆኜ ያቺን ጥፍር የምታህል ርቀት ባላይ ኖሮ አሁንም እሱኑ እከስ ነበር።

አንድ ነገር ቀርቶኝ ነበር። ቴዎድሮስ ሐዋሳ ነው የሚሠራው፤ ሃያ አምስት ዓመቱ ነው። ከወር በፊት ደውዬ ሁሉንም ነገርኩት፣ ሲሚንቶውን፣ ሻይ ቤቱን፣ አሥሩን ደቂቃ። መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«አለሁ አባዬ» አለኝ። ከዚያ፣ «ቅዳሜ ልመጣ አስቤ ነበር። ትኖራለህ?»

«እኖራለሁ» አልኩት።